ሰው ሲጎድል

ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንብቤ፣
የአዳማን ደጃፍ ሁሉ በቁጥር ይዤ በልቤ፣
በጡረታዬ ማግስት ከቤት ብወጣ
ማንኳኳት የለመደ እጄ ሥራ አጣ።

«ስኳርህ ወጥቷል» አለኝ ሐኪሙ አቀርቅሮ፣
«ላብህን አውጣ እንጂ፣ ምንድን ነው ይሄ ኑሮ?»
እሺ ብዬ ወጣሁ፣ የጤና ቡድን ፍለጋ፣
ቅዳሜ ማለዳ፣ በደንብ ሳይነጋ።

የፍራንኮዎቹ ልጆች ናቸው፣ አርባ ያልሞላቸው፤
«ፋዘር ያጫውቱን» ብለው ፊሽካ ሰጡኝ ከኪሳቸው።
በወንጂ መንገድ ያሉት፣ ባለመኪኖቹ ደግሞ
ሁለት ሺህ ብር ይላሉ፣ ማልያ ሳይለበስ ቀድሞ፤
ጡረታዬን ቆጠርኩት፣ መልሼም ቆጠርኩት፣
ቆጣሪ አንባቢ ነኝና ስህተት አላገኘሁበት።

ሦስተኛው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፣ አቧራው ሜዳ ላይ፣
የነፋስ ማመንጫው ክንፍ ከኮረብታው ሲዞር የሚታይ።
ጋሽ ቱፋ፣ ጸሐፊው፣ ብብቱ ሥር ደብተር፣
ሰላምታዬን ሳይጨርስ ጀመረ መዘርዘር፦

«ታኬታ አይገባም፤ ሸራ ጫማ ብቻ።
መጥለፍ የለም፤ ይሄ ጤና እንጂ አይደለም ዘመቻ።
መነጽር በላስቲክ ከጆሮ ይታሰር፤
ሰው ሠራሽ ጥርስ በኩባያ፣ ስም ተለጥፎበት፣ መስመሩ ዳር።
ኦፍሳይድ አንቆጥርም፤ መስመር ያላለፈ ማን አለ?
ሲስተር ሎሚ ሳትለካው ሜዳ የሚረግጥ የለ፤
መቶ ስድሳ የሞላ ዳር ቆሞ ያጨብጭብ፤
ኳሱም ለስለስ ይበል፣ ደረት ላይ ሲያርፍ እንዳይደርስ እስከ ልብ።»

«እሺ፣ ሁሉንም እሺ። መቼ ልምጣ ታዲያ?»
ደብተሩን አየ። ሃያ ሁለት ስም። የለውም መጨመሪያ።
«ሰው ሲጎድል እንደውላለን» አለኝ፣ ስልኬን ጻፈው።
ሰው ሲጎድል። የታክሲ ረዳት፣ የዕቁብ ሰብሳቢ ቃል ነው፣
ማንም ይለዋል፣ ማንም አይሰማው።

ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ ስልኬ ትራሴ ሥር፣
የልጅ ልጄን የካልሲ ኳስ ከግንብ ሳላትም ሳድር።
አልዋሽም፣ ተመኝቻለሁ፤ «አንዱ ይቅር» ብዬ፤
ወገብ ቢይዘው፣ ሐዋሳ ልጁ ጋ ቢሄድ፣ ሌላ አላሰብኩም ጌታዬ።

ጥቅምት ውስጥ፣ ሐሙስ ማታ፣ ጋሽ ቱፋ ደወለ፤
«ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት። ቦታ ተገኘ» አለ።
ሳልጠይቅ፣ ሳላመሰግን፣ «መጣሁ!» ብዬ ጮህኩ፤
በሥራ ጫማዬ፣ በቆዳው፣ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ።

«ያ አይሆንም» አለ አይቶ፤ ከፌስታል አወጣልኝ ሸራ፣
አርባ አንድ ቁጥር፣ ተረከዙ ያለቀ በግራ።
ማሰሪያው እንደታሰረ ነው። ድርብ ቋጠሮ።
ልፈታው ስል ዝም አሉ።
ሃያ አንድ ሰው፣ ዝም።

ሲስተር ሎሚ ክንዴን ጠምጥማ፣ ዓይኗ ጠቋሚው ላይ ነው፤
«የገረመው ጎሚስታው ነበር» አለች፣ «ኳሳችንን የሚነፋው።»
«ሜዳ ላይ?» አልኳት። «ኧረ፣ ቤቱ፣ ተኝቶ። ግፊቱ ደህና ነበር፣
መቶ ሠላሳ። እኔው ነኝ የጻፍኩት።» ጻፈች የኔንም ቁጥር።

ቋጠሮውን አልፈታሁም፤ እግሬን አሾልኬ አስገባሁ።
የቆየ ልማድ ነው፤ በልቤ «ቤቶች!» አልኩ፣
«ደጆች» የሚል ጠበቅሁ፣
ከዚያ ገባሁ።

ተጫወትን። ነፋሱ ከኮረብታው ወርዶ አቧራ አለበሰን፤
ከድር በራሱ ጎል አገባ፤ ሳቁ ራሱ ላብ አወጣን።
ኳሱ ግን እንደ ሊጥ ነው፣ ስትመታው ወደ ውስጥ ይገባል፤
«ትንሽ ይነፋ?» አልኩ በእረፍት። ፓምፑ ፊት ለፊት ተቀምጧል።
ጋሽ ቱፋ ደብተሩን ገልጦ፣ ጣቱን አስኬደ ደንቡ ላይ፤
«ለስለስ ይበል ይላል» አለ። ኳሱን አቀፈው፣ እኔን ሳያይ።

እንግዲህ ለቅዳሜ ይበቃል፤ ምናልባት ለሚቀጥለውም።
በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤
ከጨዋታ በፊት፣ በአውራ ጣት ጫን አድርጎ፣
እኔ ነኝ የማነበው።